ከኑግ እስከ አቮካዶ፤ የቅባት ታሪክ በደብረ ኤልያስ ማዕድ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ የሚነበበው በዜና መዋዕል ገጾችና በሐውልት ላይ በተቀረጹ ፊደሎች ብቻ አይደለም። እናት ለልጇ በምትቆርሰው እንጀራ፣ ባልቴት በወፍጮና በመጅ በምታደቅቀው ቅባት እህል፣ ተማሪ በአኩፋዳው ይዞ በሚዞረው ቁራሽ ውስጥም ታሪክ አለ። ይሁንና ይህ ታሪክ የሚጽፈው ስለማያገኝ፣ ብዕር የያዙትም ከበሉ በኋላ ስለ ምግቡ መጻፍን እንደ ቁም ነገር ስለማይቆጥሩት፣ አብዛኛው ከባለቤቶቹ ጋር ተቀብሮ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ካልተጻፈው ታሪክ አንዱን ክፍል፣ ማለትም የቅባትን ታሪክ፣ ማንሣት ነው። መነሻችን ደብረ ኤልያስ ናት፤ መድረሻችን ደግሞ አቮካዶ የሚባለው የባሕር ማዶ ፍሬ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ደብረ ኤልያስ የጤፍ፣ የስንዴና የበቆሎ አገር ናት እንጂ በአቮካዶ የምትታወቅ አይደለችም። ነገር ግን አንድ አዲስ ምግብ በአንድ ሕዝብ ማዕድ ላይ ቦታ የሚያገኘው እንዴት ነው? ቦታ ሳያገኝ በደጅ የሚቀረውስ ስለ ምንድን ነው? ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመፈለግ፣ ጥንታዊ የቅባት ሥርዓቷ በግልጽ ከሚታይባት አገር መነሣት ይበጃል።

የቅኔ አገርና የቁራሽ እንጀራ

ደብረ ኤልያስ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ በስተ ደቡብ እስከ ዓባይ በረሃ የምትወርድ ለም አገር ናት። ስሟ ግን ከእርሻዋ ይልቅ በቅኔዋ የታወቀ ነው። ለዘመናዊው የአማርኛ ተውኔት መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ የሆነው ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለደው በዚህች አገር ነው። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም፣ በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን ከማሳተማቸው ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ ከተማሩት መካከል ናቸው።

ስለ ሁለቱ ደራስያን ብዕር ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። በአብነት ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች ምን በልተው ተማሩ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እንደሚታወቀው በዚያ ሥርዓት መምህሩ ዕውቀቱን እንጂ ቀለቡን አይሰጥም። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጁ እየቆመ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ቤት ያፈራው ቁራሽ እንጀራ፣ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ከአኩፋዳው ይገባል። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ የጎጃም የቅኔ ቤት ቆሞ የኖረው በመምህራኑ ሊቅነት ብቻ ሳይሆን፣ ስማቸው ባልተጻፈ ገበሬዎችና እመቤቶች እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ቀላል ነገር አለ። እንጀራ በአኩፋዳ ይያዛል፤ ወጥ ግን አይያዝም። ተማሪው ከየቤቱ የሚያገኘው እህል ነው፤ የወጡ ቅባት ከምንቸቱ ጋር እዚያው ይቀራል። የተማሪው ምግብ ሆድ ይሞላል፤ ቅባቱ ግን እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ የተማሪው እጦት የተማሪው ብቻ አልነበረም። በየዓመቱ በጾም ወራት መላው የገበሬ ቤት ይብዛም ይነስም የሚጋራው ነበር።

ኑግ፣ ሱፍና ተልባ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዓመት ከ180 ያላነሱ ቀናት ይጾማሉ፤ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ ቍጥሩ እስከ 250 ይደርሳል። በነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቍላል ከማዕድ ይወገዳሉ። በሌላ አነጋገር፣ ከዓመቱ እኩሌታ ያህል ጊዜ የጎጃም ማዕድ ቅባቱን የሚያገኘው ከዕፅዋት ብቻ ነው። ይህም በመሆኑ የአገራችን እመቤቶች ከጥንት ጀምሮ ቅባትን ከዘር የማውጣት ጥበብ አዳብረዋል።

የዚህ ጥበብ ራስ ኑግ ነው። ኑግ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ የተላመደው በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ነው። ከዚህ ተሻግሮ ወደ ሕንድ እንደ ሄደ የዕፅዋት ሊቃውንት ያስረዳሉ። የኑግ ፍሬ ከክብደቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚደርስ ዘይት አለው። የገበሬ ቤት እመቤት ኑጉን ትቆላዋለች፤ ትወቅጠዋለች፤ በሙቅ ውኃ እየበጠበጠች ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ትቀፍፈዋለች። ዘይቱን ማውጣት ሳያስፈልግ ሲቀር ደግሞ የተወቀጠውን በውኃ በጥብጣ ታጠልለውና እንጀራ ትፈተፍትበታለች። ሱፍም እንዲሁ ይደረጋል፤ ከዚያም በላይ ከቆሎ ጋር ተቀላቅሎ ይበላል። ተልባ ተቆልቶና ተፈጭቶ በውኃ ይበጠበጣል፤ የጾም ፍትፍትም ይሆናል። ጎመን ዘር ደግሞ ምጣድ ማሰሻ ሆኖ በየእንጀራው ጀርባ ላይ ትንሽ ቅባት ትቶ ያልፋል። «ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረት የተወለደው ሙቀጫና ዘነዘና ከማይርቁበት ከዚህ የጾም ወጥ ቤት ነው።

የዛሬው የምግብ ሳይንስ እነዚህን ሴቶች የሚያስመሰግን ነገር ደርሶበታል። የኢትዮጵያ ኑግ ዘይት ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚገኝ የቅባት ዓይነት ነው። ተልባም ለልብና ለአንጎል የሚበጅ ሌላ ዓይነት ቅባት በብዛት ይዟል። ሴቶቹ ይህን በላቦራቶሪ አላወቁትም፤ በልጆቻቸው ፊት ላይ ግን አይተውታል።

ነገር ግን ኑግ መውቀጥ ከባድ ድካም ነው። ሱቅ የሚሸጠው ዘይት በቀረበ ቍጥር ሙቀጫው ሥራ እየፈታ ሄደ። በቅርብ አሥርት ዓመታት አብዛኛው ቤት የሚጠቀምበት ዘይት ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ የሚመጣው የዘንባባ ዘይት ሆኗል። ይህ ዘይት እኩሌታው ያህል በብርድ የሚረጋ ቅባት ስለሆነ፣ አዘውትሮ ለሚበላው ሰው ልብ ከኑግ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዋጋው ሲንርም ድሃው ቤት ያለ ዘይት ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. ለደብረ ኤልያስ ጎረቤት በሆኑት በቡሬና በደብረ ማርቆስ ከተሞች ታላላቅ የዘይት ፋብሪካዎች መመረቃቸው የችግሩን ክብደት ያሳያል።

ችግሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያጠረ መሆኑን አሳይቷል። በአማራ ክልል ግን ቍጥሩ 46 በመቶ ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ የበለጠ ማለት ነው። እህል ተትረፍርፎ በሚታፈስበት ምድር ይህ መሆኑ ሊያስገርመን ብቻ ሳይሆን ሊያሳስበንም ይገባል። መንሥኤው ብዙ ነው፤ ንጹሕ ውኃ፣ በሽታ፣ የእናት ጤንነት ሁሉ ከውስጡ አሉ። ሆኖም አንዱ መንሥኤ ከማዕዱ ላይ ይገኛል፤ እህሉ ሲበዛ ከእህሉ ጋር የሚበላው ነገር ያንሳል። በባህላችን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንዲጾም አይገደድም። ዳሩ ግን በጾም ወራት በቤቱ የሚሠራው አንድ ወጥ ብቻ ስለሆነ፣ ሕፃኑ ሳይጾም የጾመኛ ምግብ ይበላል። ስለ ቅባት የምናነሣው ታሪክ እንግዲህ ያለፈ ነገር ወሬ አይደለም።

ባሕር ተሻግረው የመጡ እንግዶች

የደብረ ኤልያስ ገበሬ ዛሬ «የአባቴ እህል» ብሎ ከሚጠራቸው አያሌዎቹ የአባቶቹ አባቶች የማያውቋቸው ናቸው። በቆሎ፣ በርበሬ፣ ድንችና ቲማቲም ሁሉም የአሜሪካ ምድር ተወላጆች ናቸው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበሩም። አቮካዶም የነዚሁ የአገር ልጅ ነው። ስለዚህ እርሱ ቦታ ያላገኘበትን ምክንያት ለመረዳት እነርሱ ቦታ ያገኙበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

በቆሎ ሲመጣ የተሰጠው ስም «የባሕር ማሽላ» የሚል ነበር። ስሙ ራሱ ታሪክ ይናገራል። ሕዝቡ እንግዳውን እህል ከሚያውቀው ዘመድ ጋር አጎዳኘው፤ ከየት እንደ መጣም በስሙ ላይ ጻፈበት። የማሽላ ዘመድ ከተባለ በኋላ እንደ ማሽላ መቁላት፣ መፍጨትና መጋገር ቀላል ሆነ። ሌላው እህል ሳይደርስ በእሸትነቱ መበላቱ ደግሞ በክረምቱ የረኃብ ወራት ባለውለታ አደረገው።

በርበሬ የገባው በሌላ በር ነው። በርበሬ ሆድ አይሞላም፤ ነገር ግን ምንቸት ውስጥ ገብቶ የወጥን መልክና ጣዕም ለወጠ። ዛሬ ቡሬና አካባቢው በበርበሬ የታወቀ አገር ነው። ያለ በርበሬ የጎጃምን ወጥ ማሰብ አይቻልም፤ እንግዳው ባለቤት ሆኗል።

የድንች መንገድ ደግሞ መራራ ነበር። ድንችን በ1850 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንደ ሆነ ይነገራል። ለብዙ ዓመታት ግን የተቀበለው ሰው ጥቂት ነበር። በስፋት መተከል የጀመረው በክፉ ቀን፣ ማለትም ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታተሉት ዓመታት ከብቱ አልቆ፣ እህሉ ጠፍቶ ሕዝቡ በረኃብ በተጨነቀ ጊዜ ነው።

ከሦስቱ ታሪክ አንድ ትምህርት እናገኛለን። እንግዳ ምግብ ሥር የሚሰደው በመሬት ላይ ስለ ተተከለ ብቻ አይደለም። በማዕድ ላይ የጎደለ ቦታ አግኝቶ ያን ሲሞላ ነው። በቆሎ የእህልን ቦታ፣ በርበሬ የቅመምን ቦታ፣ ድንች የክፉ ቀንን ቦታ ሞላ። አቮካዶስ የማንን ቦታ ይዞ መጣ?

በብርጭቆ የገባ ፍሬ

የአቮካዶ ጥንታዊ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በሜክሲኮ በቴዋካን ሸለቆ በሚገኙ ዋሻዎች ውስጥ በአርኪኦሎጂ ቁፋሮ የተገኙ ቅሪቶች ሰው ይህን ፍሬ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ይበላው እንደ ነበር ያሳያሉ። የአገሬው ሕዝብ በናዋትል ቋንቋ «አዋካትል» ይለዋል። ስፓኛውያን «አጉዋካቴ» አሉት፤ ከዚያም በልዩ ልዩ አፍ ሲገላበጥ «አቮካዶ» ሆነ። ስለዚህ ፍሬ በ1519 እ.ኤ.አ. በታተመ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በመጀመሪያ ለአውሮፓ አንባቢ የገለጸው ስፓኛዊው ማርቲን ፈርናንዴዝ ዴ ኤንሲሶ ውስጡን ያመሳሰለው ከቅቤ ጋር ነበር። ኋላም የእንግሊዝ መርከበኞች በደረቅ ብስኩታቸው ላይ እየቀቡ ይበሉት ስለ ነበር የመርከበኛ ቅቤ የሚል ስም አወጡለት። ገና ከመጀመሪያው ፍሬውን ያየው ሰው ሁሉ የቅባት ወገን መሆኑን አስተውሏል።

ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1930 ዓ.ም. ገደማ በሐረርጌ፣ በሂርና አካባቢ በነበሩ የግል የፍራፍሬ አልሚዎች አማካይነት እንደ ሆነ የግብርና ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ከዚያም ወደ ወንዶ ገነት፣ ወደ ሲዳማ፣ ወደ ወላይታ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ቦንጋና ወደ ሚዛን ተስፋፋ። በነዚያ አገሮች በእንሰትና በቡና መካከል ጥላ እየሰጠ የጓሮ ዛፍ ሆነ። በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመው የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማእከልም ከጊዜ በኋላ ሃስ፣ ፉዌርቴ፣ ኤቲንገር፣ ናባል፣ ፒንከርተንና ቤከን የተባሉትን የተሻሻሉ ዝርያዎች ከሚያጠኑትና ከሚያስተዋውቁት አንዱ ሆነ። ከነዚህ ውስጥ ሃስ የተባለው በዓለም ገበያ የነገሠ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በ1935 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የባለቤትነት መብት ካስመዘገበው ከሩዶልፍ ሃስ ነው።

በጎጃም ደግሞ በሜጫ ወረዳ በኮጋ ወንዝ ላይ በተሠራው፣ 7 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያለማ በታቀደው የመስኖ ግድብ አካባቢ ገበሬዎች የሃስን ዝርያ ለውጭ ገበያ ጭምር ተክለዋል። ይህ የሚያስደስት ነው። ይሁንና ለውጭ ገበያ የተተከለ ዛፍ ለተከለው ቤት ምግብ መሆኑ በራሱ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ፍሬው በካርቶን ታሽጎ ሲሄድ በቤቱ የሚቀረው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለሕፃኑ ገንፎ ቅባት ሆኖ የሚመለሰው ሁልጊዜ አይደለም።

ከተሜው በበኩሉ አቮካዶን ያወቀው በጭማቂ ቤት ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ከማንጎና ከፓፓያ ጋር እየተነባበረ፣ ሎሚ እየተጨመቀበት፣ ብዙ ጊዜም ስኳር ተጨምሮበት በረጅም ብርጭቆ ይቀርባል። «ስፕሪስ» ሲባል ለምራቅ የሚከብደው ይኸው መጠጥ ነው። ጣፋጭነቱን ማን ይክዳል! ነገር ግን የአቮካዶ እንግድነት የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ወደ አገራችን የገባው በብርጭቆ እንጂ በገበታ አይደለም። በብርጭቆ የገባ ደግሞ የመዝናኛ፣ የገንዘብና የከተማ ነገር ተብሎ ይቆጠራል። በቆሎ የማሽላ ዘመድ እንደ ተባለ፣ አቮካዶም የኑግ ዘመድ ቢባል ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። በመሠረቱ ዘመዱ ማንጎና ፓፓያ አይደሉም። በማዕድ ላይ በሚሰጠው አገልግሎት የኑግ፣ የሱፍና የተልባ ወገን ነው፤ ምክንያቱም ጣፋጭ ፍሬ ሳይሆን የቅባት ፍሬ ነውና።

ከብርጭቆ ወደ ገበታ

ይህን የሚያስረዳው በውስጡ ያለው ነው። መቶ ግራም የበሰለ አቮካዶ 15 ግራም ያህል ቅባት፣ 7 ግራም ያህል አሰር፣ 160 ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል። ከቅባቱ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው በወይራ ዘይት ውስጥ የሚገኘውና ለልብ የሚስማማው ዓይነት ነው። 485 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየም አለው፤ ለነፍሰ ጡር እናት የሚያስፈልገውን ፎሌት የተባለ ቫይታሚንም ይዟል። ስኳሩ ግን ከአንድ ግራም አይበልጥም። ሌላም ጥቅም አለው። ጎመን፣ ካሮትና ቲማቲም ውስጥ ያለው ለዓይን የሚበጀው ቀለም ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ቅባት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ አቮካዶ ከጎመን ጎን ሲቀመጥ ጎመኑንም ያጠነክረዋል።

እንግዲህ ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የፍሬው ጠባይ ነው። አቮካዶ ከዛፉ ላይ ሳለ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ከተለቀመ በኋላ ነው። ጠንካራውን ፍሬ ከበሰለ ሙዝ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ቶሎ ይለሰልሳል። መብሰሉ የሚታወቀው በእንጉርጉሪቱ በኩል በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ ሲል ነው። ሁለተኛው ጠባዩ እሳት አለመውደዱ ነው። ብዙ ከበሰለ ይመራል። ስለዚህ ወጡ ከወረደ በኋላ እንጂ ምንቸቱ እሳት ላይ ሳለ አይጨመርም። ሦስተኛው፣ ከተቆረጠ በኋላ አየር ሲነካው ይጠቁራል። ሎሚ ቢጨመቅበት ግን መልኩን ይጠብቃል። ለማገዶ እጥረትና ለሴቶች ድካም ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መቁላት የለ፣ መውቀጥ የለ፣ ማጥለል የለ።

አሠራሩ ከምናውቀው የራቀ አይደለም። ለቲማቲም ፍትፍት ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም ተከትፎ፣ ሎሚና ጨው ገብቶበት እንጀራው ይፈተፈታል። በዘይት ምትክ አንድ የበሰለ አቮካዶ በማንኪያ ተፈጭቶ ቢቀላቀልበት፣ ፍትፍቱ እንደ ሱፍ ፍትፍት ይለሰልሳል፤ ጣዕሙም ይረጋል። አዚፋ ለሚወድ ሰው የተቀቀለው ምስር በሰናፍጭና በሎሚ ከታሸ በኋላ ዘይቱን አቮካዶ ሊተካው ይችላል። የሰናፍጩ ቁጣ በፍሬው ልስላሴ ይበርዳል። ጎመን በትንሽ ውኃና በነጭ ሽንኩርት በስሎ ከእሳት ሲወርድ፣ ከላዩ በቁራጭ በቁራጭ ቢደረደርበት መልካም የጾም ምግብ ነው። በትኩስ ቂጣ ወይም በድፎ ዳቦ ላይ ተቀብቶ፣ ጥቂት አዋዜ ጠብ ቢደረግበት ደግሞ ለእርሻ የሚወጣ ሰው እስከ ቀትር ይዞት ይውላል።

ለሕፃናት የሚሆነው ከሁሉ የቀለለ ነው። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት በተጨማሪ ምግብ ሲጀምር፣ ከስንዴና ከሽምብራ ዱቄት የተሠራው ለስላሳ ገንፎ ለብ ካለ በኋላ ሁለት ማንኪያ የበሰለ አቮካዶ ይቀላቀልበታል። ጨውም ስኳርም አያስፈልገውም። በፁሙ በጾሙ ሳይባል ለሕፃኑ ቅባት ይገኛል፤ የቤቱም ሥርዓት አይፈርስም።

ይህ ሲባል ግን አቮካዶ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። የሥጋን፣ የወተትንና የእንቍላልን ቦታ ሁሉ አይሞላም፤ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነውና የምስሩና የሽምብራው አገልግሎት እንዳለ ይቀራል። ኃይል ሰጪ በመሆኑም ተቀምጦ ለሚውል ከተሜ እኩሌታው ፍሬ ለአንድ ጊዜ በቂ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከፖታሲየሙ ብዛት የተነሣ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል። ኑግንም ከገበታ እናስወጣ አልተባለም። የኑግ ዘይትና አቮካዶ የተለያየ ዓይነት ቅባት ስላላቸው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል እንጂ አይሽረውም።

ጎረቤት የሚወድ ዛፍ

አቮካዶን በደብረ ኤልያስና በመሰሏት ወይና ደጋ አገሮች በጓሮ ለመትከል ለሚያስብ ሰው ሦስት ነገሮች ይጠቅሙታል።

አንደኛው የመሬቱ ነገር ነው። የአቮካዶ ሥር ውኃ የሚቋጥር መሬት አይወድም። በዋልካ መሬት ላይ ክረምቱ ሲገባ ሥሩ ይበሰብሳል። ውኃ የማይተኛበት፣ ጥልቅ የሆነ ቀይ አፈርና ተዳፋት ቦታ ይስማማዋል። ውርጭ ከሚመታው ደጋም መጠንቀቅ ያሻል።

ሁለተኛው የአበባው ጠባይ ነው። የአንዱ አቮካዶ አበባ በመጀመሪያ ሲከፈት ሴት ነው፤ ይከደንና እንደገና ሲከፈት ወንድ ይሆናል። አንዳንዱ ዝርያ በጧት ሴት፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሲሆን፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ሴት፣ በማግሥቱ ጧት ወንድ ነው። ሃስ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ፉዌርቴና ኤቲንገር ከሁለተኛው። ከዚህም የተነሣ ሁለቱ ወገኖች ተጎራብተው ሲተከሉ፣ ንቦችም በመካከላቸው ሲመላለሱ ፍሬው ይበዛል። አንድ ቤት ሃስ፣ የአጥሩ ጎረቤት ኤቲንገር ቢተክል ሁለቱም ይጠቀማሉ። በደቦ አርሶና አጭዶ ለሚያውቅ ሕዝብ ጎረቤት የሚወድ ዛፍ እንግዳ አይሆንበትም። የተዳቀለው ችግኝ በሦስትና በአራት ዓመት ማፍራት ሲጀምር፣ ከፍሬው የበቀለው ግን ከዚያ እጅግ ይዘገያል። በባሕር ዳር አጠገብ የሚገኘውን የወራሚት ጣቢያ የመሳሰሉ የምርምር ቦታዎች በአካባቢው መኖራቸው ለዚህ ይረዳል።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። የአቮካዶ ቅጠል ለከብት፣ ለበግ፣ ለፍየልና ለፈረስ መርዝነት አለው። ጡት ያሳብጣል፤ ልብንም ይጎዳል። ስለዚህ በበጋ የመኖ እጥረት ጊዜ ቅጠሉን ቆርጦ ለላም መስጠት አይገባም፤ ልጣጩንና ፍሬ ድንጋዩንም እንዲሁ።

ስለ አኩፋዳው

ከላይ እንዳየነው ባለፉት ምእተ ዓመታት በጎጃም ማዕድ ላይ ቦታ ያገኘ እንግዳ ምግብ ሁሉ ያገኘው በትእዛዝ አይደለም። አንዲት እናት በቤቷ የጎደለውን አይታ፣ የመጣውን እንግዳ ከምታውቀው ዘመድ ጋር አስተያይታ፣ «ይህስ እንዲህ ቢሆን» ብላ ስለ ሞከረችው ነው። በቆሎን ከማሽላ ያጎዳኘች፣ በርበሬን ከወጥ ያስታረቀች እርሷ ናት። ስሟን ዜና መዋዕል አልመዘገበውም፤ ሥራዋ ግን በየቀኑ በየቤቱ ይበላል። አቮካዶም ከጭማቂ ቤት ብርጭቆ ወጥቶ ከኑግ ጎን የሚቀመጠው በእርሷ ፈቃድ ነው። የዛፉ ችግኝ ሲታደል ስለ ገበያ ዋጋው ብቻ ለባል ከመንገር አልፎ፣ ስለ ፍትፍቱና ስለ ሕፃኑ ገንፎ ለሚስት መንገር ያስፈልጋል የምንለው ስለዚህ ነው።

የአብነት ተማሪ ዛሬም በጎጃም መንደሮች ደጃፍ ላይ ይቆማል። ወጥ በአኩፋዳ አይያዝም ብለን ነበር። አቮካዶ ግን ይያዛል። ልጣጩ መክደኛው ነው፤ ሳይበስል ቢሰጥም በመንገድ ይበስላል፤ እሳት አይጠይቅም፤ በጾም አይከለከልም። ነገ በአንድ የደብረ ኤልያስ ጓሮ የተተከለ ዛፍ ቢያፈራና የቤቱ እመቤት ከቁራሹ ጋር አንድ ፍሬ ብታክልለት፣ ያ ልጅ ደረቅ እንጀራውን በቅባት በልቶ ወደ ቅኔው ይመለሳል።